በገለባ ጠቅልዬ የመለስኩልህ ጭምብል

መካነ ሰላም፣ ቦረና
ጥቅምት ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለፈንታሁን፣ ጀርመን አገር።

የእናቴ ልጅ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እዚህ ላይ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ቢሆኑ ኖሮ «እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብለው ይቀጥሉልህ ነበር። ከሄድክ ጀምሮ እንዲያ ሲጽፉልህ ኖረዋል። ዛሬ ግን የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ። ፊደሉ የዶሮ ጭረት ቢመስል አትሳቅ፤ አዝላ ያሳደገችህ ሸዋረግ በአርባ ሁለት ዓመቷ ብዕር ጨብጣ ነው። ይህን ወረቀት ከጀመርኩት ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። አንድ ቀን እጄን ያመኛል፣ አንድ ቀን ሆዴን ያመኛል፤ ተነሥቼ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ደብዳቤውን ጠዋት አንብበው። አጠገብህም የአገር ሰው ይኑር፤ የአገር ሰው ከሌለም እንዲያው ሰው የሚባል ይቀመጥ። ለምን እንዳልኩህ ወደ ታች ትደርስበታለህ።

ሣጥኑ ደርሷል። መስከረም መባቻ ላይ «ከውጭ አገር ዕቃ መጥቶልሻል» ብለው አስጠሩኝና ግማሽ ቀን ተጉዤ መካነ ሰላም ወረድኩ። ጊዜው እንደምታውቀው አይደለም። ንጉሡ መውረዳቸውን፣ መሬት ላራሹ መባሉን ሬዲዮ ሳይነግርህ አልቀረም። ለኔ ለሴቲቱም ሦስት ጥማድ ደርሶኛል፣ ያውም በስሜ። ታዲያ አሁን ከውጭ የመጣ ዕቃ ሁሉ የገበሬ ማኅበር ሳያየው አይከፈትም። ሊቀመንበሩ ሞላ ነው፤ ያ አብሮህ ዳዊት ሲደግም የሚያንቀላፋው ሞላ። ዛሬ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ኧረ ከመጠን በላይ ተከፍቷል።

ክዳኑ ሲነሣ አንተ የላክኸው ፊት ሽቅብ አፈጠጠብን። ሞላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና «ይሄ የማን ፊት ነው?» አለኝ።

«ምን አውቄ» አልኩት።

«የመኳንንት ከሆነ ጉድ ይፈላል ሸዋረግ። እወቂበት።»

«ደሞ መኳንንት እንዲህ አፍንጫው እንደ አሞራ ተቆልምሞ አይተህ ታውቃለህ?»

«አይቻለሁ እንጂ!» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀና ውሰጂው አለኝ።

አብሮት የመጣውን ወረቀትህን በመንገድ ላይ፣ ጅረቱ ዳር ቁጭ ብዬ ለብቻዬ አነበብኩት። አዎ፣ አነበብኩት። አምና ዘማቾች እኛ ደብር ድረስ መጥተው ነበር። ደብረወርቅ የምትባል ካኪ የለበሰች የአዲስ አበባ ልጅ ከወይራው ሥር ሰብስባ ሀ ሁ አስቆጠረችን። ሌላው ሴት ገብስ ሲደርስ ሲደርስ ተበተነ፤ እኔ ብቻ እስከ መጨረሻው ሙጭጭ አልኩባት። ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

«ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ንግሥቴ» ይላል ወረቀትህ። ኒው ጊኒ የምትባል ደሴት እየተመላለስክ ለቤተ መዘክሩ ጭምብል ትሰበስባለህ። ጭምብሉን የሚለብሰው ሰው አይደለም አልክ። ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፤ ድንች ይመስላል፣ ቁመቱ ግን ሰው ያክላል። መከር ሲገባ ያጥቡታል፣ በላባ ያስጌጡታል፣ ፊት ያለብሱታል፣ አደባባይ ላይ አቁመው እንደ ክቡር እንግዳ ይቀበሉታል። እስከዚህ ድረስ ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ስለ አንዲት አሮጊት ጻፍክ። ስሟን ልገለብጠው ሞክሬ አቃተኝ፤ ፊደላችን ለሷ አይበቃም። ጭምብሉን የጎነጎነው ሟቹ ባሏ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሄደህ ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አለችህ። «ዘንድሮ ግን ዝናቡ ቀርቶባቸው ሥሩ አልያዘላቸውም፤ ስለዚህ በሁለት ጆንያ ሩዝ እሺ አለች» አልክ። ሌሎቹን ሃያ ሦስት ጭምብሎች ለቤተ መዘክር አስመዝግበህ ይህን አንዱን ለእናትህ ብለህ ደብቀህ አስቀረኸው። «የአውድማው መስቀል ይሰቀልበት በነበረው ኩላብ ላይ ስቀሉልኝ፤ ባዶ እንዳይሆን» አልክ።

ጅረቱ ዳር ብዙ ተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ስነሣ እግሬ ደንዝዟል።

መሪጌታ አይተውት ሦስት ጊዜ አማተቡ። «ጣዖት ነው፤ አሁኑኑ አቃጥዪው» አሉኝ።

«መሪጌታ፣ ሰው እኮ አይደለም የሚለብሰው፤ ሥር ነው።»

«ይብስ!» አሉ።

አላቃጠልኩትም። እኔ ስፌት የማውቅ ሴት ነኝ፤ የእጅ ሥራ አይደበቀኝም። ገልብጬ ውስጡን አየሁት። ሣሩን እያረጠበ፣ እያጠበቀ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ እየደበቀ ነው የሠራው። ግንባሩ ላይ አንድ ቦታ ሣሩ ተበጥሶበት በሌላ ቀጥሎታል፤ ሰው እንዳያይበት ቀይ አፈር ደርቦበታል። የኔም ሌማት ላይ እንዲህ ያለ ነውር አለ፣ እንዲሁ ነው የሸፈንኩት። ታዲያ የሰው ባል የሠራውን፣ የሰው ቤት በረከት የነበረውን እንዴት አድርጌ እሳት ልስደድበት? ኩላቡ ላይም አልሰቀልኩትም። እንቅብ ውስጥ አስቀምጬ ነጠላ አለበስኩት፤ ዓይኑ ያየኛል።

ሥር ፊት ያለብሳሉ ስትል መጀመሪያ ስቄ ነበር። እኛም እኮ በስልሳ አምስት ክረምት ሥር ቆፍረን በልተናል ወንድሜ። ፊት የምናለብስበት ጊዜ አጣን እንጂ! ሳማ በልተናል። ስሙን የማናውቀውን ቅጠል በልተን ስንታመም ከርመናል። ይህን አንተ አታውቅም። የማታውቀውም በኛ ጥፋት ነው፤ ዛሬ ሁሉንም ልጻፈው ብያለሁና የኛንም አልደብቅም። የስልሳ አራቱን መኸር ውርጭ መታው፤ የስልሳ አምስት በልግ ጨርሶ ቀረ። ግንቦት ላይ ለመሪጌታ «እህል አልቆብናል፣ አንድ ነገር ይላክልን ብለው ይጻፉ» አልኳቸው። እምዬ ሰምታ ተቆጣች። «ልጄን በሰው አገር ሆዱን አታባቡብኝ! ደህና ናቸው ይባል!» አለች። መሪጌታም የእናት ቃል ይበልጣል ብለው ለኔ እሺ አሉኝና ለአንተ «ደህና ነን» ጻፉልህ። አሁን ስጠይቃቸው አልካዱኝም። አቀርቅረው ጢማቸውን ሲነጩ ዋሉ።

አሁን ወደ መስቀሉ ልምጣ። ረስተኸው እንደሆን ላስታውስህ፤ ቤተ መዘክር ሄዶ መስታወት ውስጥ የገባ ነገር ምን ይሠራበት እንደነበር ይረሳል መሰለኝ። ገብሱ ተወቅቶ፣ በነፋስ ተመንሽቶ፣ ንጹሑ ሲቆለል፣ መስቀሉ ሳይተከልበት ቁና የሚያነሣ ሰው አልነበረም። እምዬ ነጠላዋን አደግድጋ ትመጣለች፤ ያን ክንድ የሚያህል የብረት መስቀል ቁልሉ አናት ላይ ትተክለዋለች። ወፍ እንኳ ዝም የሚል ይመስለን ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የሚሰፈር። ከኛ አውድማ ወደ እነብዙዬ፣ ከእነብዙዬ ወደ ታች ሠፈር፣ ሰባት ቤት ይዞራል። እስላሞቹ ጎረቤቶቻችን እንኳ «በረካው ለኛም ይትረፍ» ሳይሉ አያልፉም። መስቀሉ የእምዬ ነው ይባል እንጂ የሰባቱም ቤት ነበር። አንድ ልጅ ጠይቆ የሚወስደው፣ አንዲት እናት ፈቅዳ የምትሰጠው ዕቃ አልነበረም። ይህን እምዬም አጥፍታለች፤ የሞተ አይወቀስም ቢሉም እኔ እወቅሳታለሁ።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ ያንገቴን ድሪ ልሸጥ ወግዲ ሄድኩ። ስሄድ ሁለት ቀን፣ ስመለስ ሁለት ቀን። ድሪዬን የሚገዛ አጥቼ አጥቼ በአንድ ቁና ገብስ ለወጥኩት። ቁናዋን አዝዬ በዝናብ ገባሁ። እምዬ ምሰሶውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ በርቷል። ቀና ስል ኩላቡ ባዶ ነው።

«መስቀሉስ?» አልኳት።

«ፈንታሁን አስልኮ ወሰደው!» አለችኝ፤ ምራቋን ዋጥ አድርጋ፣ እንደ ሠርግ ወሬ። «ከደሴ ሰው መጣ። መለሰ የሚባል፣ ባለ በቅሎ። የልጄን ወረቀት ይዞ!»

የደሴውን ዕቃ ነጋዴ መለሰን አንተ ታውቀዋለህ። ክርስቲያን ሆኖ ወላሂ ሳይል የማይናገር፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ። ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበላት። «እናቴ ሆይ፣ ጉልበትሽን ስሜ ልለምንሽ፤ ናፍቆት በርትቶብኛል፤ የአያቶቼን መስቀል እያየሁ እንድጽናና ስጪልኝ» ይላል ወረቀቱ አላት። እሷም አለቀሰች፤ አውርዳም ሰጠችው። ስንት እንክፈል ሲላት ልትመታው ምንም አልቀራት።

«ስንዴ እንኳ አልጠየቅሽውም?» አልኳት። ጮህኩ መሰለኝ። «እኔ ለአንድ ቁና ገብስ አራት ቀን ስንከራተት፣ አንድ ኩንታል እንኳ?»

«አንቺ!» አለችኝ። «ልጅን ጡት ያስከፍሉታል?»

ከመለሰ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፣ ወረቀቱን። የልጄ እጅ የነካው ነው ብላ ሙጭጭ አለችበት። እሱም በዚህ ቤት ማን ሊያነበው ብሎ ነው መቼም፣ ተወላት። በቀይ ጨርቅ ሰፍታ እንደ ክታብ አንገቷ ላይ አሰረችው። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ታጥባ ትስመዋለች። መሪጌታ ላንብብልሽ ቢሏት «ተነቦልኛል» ትላለች። ያቺን ገብስ ቆልተን፣ ቆጥበን፣ እሷ በልቻለሁ እያለች ለኔ እየተወች፣ ሐምሌን እንዲያ አሳለፍን። ፍልሰታ ገባ። ሰዉ ጾም ገባ ሲል እኛ ዘንድ ከግንቦት ጀምሮ ገብቶ ነበር።

ፈንታሁን፣ ጠዋት አንብበው ያልኩህ ለዚህ ነው። እናታችን ንግሥቴ ነሐሴ ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. አረፈች።

አሁን የሆነ ሰው ቢይዝህ ደስ ባለኝ። የአገራችንን ወግ ታውቃለህ። መርዶ በወረቀት አይነገርም። ዘመድ ተጠራርቶ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በርህን አንኳኩቶ፣ ከመሬት ብትወድቅ የሚያነሣህ ሆኖ ነው የሚነገርህ። ጀርመን ድረስ ማን ሄዶ በር ያንኳኳልሃል? ይመጣል፣ ሲመጣ ይነገረዋል ተባባልን። አንተ አልመጣህም። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር «እናትህ ትመርቅሃለች» ተብሎ የተጻፈልህ ምርቃት የኔ ነው። እያንዳንዱን ቃል እኔ ነኝ ለመሪጌታ የነገርኳቸው፣ በእሷ አነጋገር። አንዳንዴ እያልኩት ራሴ በሕይወት ያለች ይመስለኝ ነበር።

ለመስቀሉ ቤተ መዘክሩ ውስጥ መብራት አብርተውለታል ብለህ ጽፈህ ነበር። ደግ አደረጉ። እኛ እምዬን ስንቀብር ጧፍ አልነበረንም።

የሚብሰው ገና ነው። በስልሳ ስድስት ኅዳር ወረቀትህ መጣ። የናፍቆት ደብዳቤ እንደ ወጉ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ይነበብ የለ? መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «ለመስቀሉ ሁለት ኩንታል ስንዴ እንደደረሳችሁ መለሰ ጽፎልኛል፤ ክፉውን ጊዜ በሱ ስላለፋችሁ ደስ ብሎኛል» ይላል። ያን ዓመት ደብራችን ሠላሳ አንድ ሰው ቀብሯል። ብዙዬ ሁለት ልጆቿን ቀብራለች፤ መቃብራቸው ሳይጠጥር ነው ይህ የተነበበው። ዞር ብላ አየችኝ። ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጃፌን አልረገጠችም። እሳት የምንጫጫር፣ ልጆቿን እኔ እትብት የቆረጥኩላት ብዙዬ!

የሰባት ቤት በረከት ሸጠው ስንዴውን በር ዘግተው በሉት ተባልን። እናቲቱ ታዲያ ለምን ሞተች ብሎ የሚጠይቅ አልተገኘም። «ቁንጣን ነው» ያለም አለ፤ ጆሮዬ ሰምቷል። ቅዱስ ሚካኤልን ብዬ ማልኩ፣ እንጥሌ እስኪወርድ አስረዳሁ። የተጻፈ ነገር ይታመናል እንጂ ሴት አትታመንም። አውድማ ሲደርስ ማንም አብሮኝ አልወቃ፤ ብቻዬን በዱላ ደበደብኩት። ያኔ ነው ፊደል የተመኘሁት። እምዬን ስንገንዛት ከአንገቷ የፈታሁት ቀይ ጨርቅ ሣጥኔ ውስጥ ነበረ። በሱ ውስጥ «ስጪልኝ» የሚለው ቃልህ አለ፤ አንብቤ ለሰው ሁሉ አሳያለሁ፣ እናቴ ሰጠች እንጂ አልሸጠችም እላለሁ ብዬ ነው ከወይራው ሥር ያልተነሣሁት። ደብረወርቅ «እማማ፣ እርስዎ እንደሚያጠኑ የኛ ዩኒቨርሲቲ ቢያጠና» ትለኝ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ማንበብ ቻልኩ። እዚያው ወይራው ሥር ጨርቁን ተረተርኩት። ላቧ ወረቀቱን ቢጫ አድርጎታል፤ ግን እጅህ ግልጽ ነው፣ ከድሮም ግልጽ ነው። እንዲህ ይላል። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፦

«ወዳጄ መለሰ፣ ስለ አውድማው መስቀል የጠየቅኸኝን በተመለከተ፣ እናቴ በጥጋብ ጊዜ አትለቀውም። አሁን አትሂድ። ሰኔ ይግባ፣ ጎታው ይጉደል፣ ያን ጊዜ ብትሄድ እሺ ትላለች። እህቴ ሸዋረግ ነገረኛ ናትና እሷ የሌለችበትን ቀን ምረጥ። ሁለት ኩንታል ስንዴ ብትሰጣቸው ይበቃቸዋል። እንዳይጎዱ አደራ።»

እንዳይጎዱ አደራ!

ደብረወርቅ ጎኔ ተቀምጣ «ምን ይላል?» አለችኝ።

«ሰላምታ ነው» አልኳት። እኔም እንደ መሪጌታ ሆንኩልህ።

ነገረኛ ያልከኝስ ይሁን፣ ነኝ። ስንዴውንም መለሰ በላው፣ ያም ይሁን፤ እሱ ሌባ ነው፣ ሌባ ይሰርቃል። እኔን የበላኝ ያቺ «ሰኔ ይግባ» ናት። ረሃቡን አላወቅክም፤ እኛም አልነገርንህም። ግን የሰኔን ጉድለት ታውቀዋለህ፣ በሱ ነው ያደግኸው። ጎታው ሲጎድል እምዬ ከአፏ አውጥታ ለማን ትሰጥ እንደነበር ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ያን ይዘህ ነው ለነጋዴ የነገርከው። እሷ ደግሞ ያን ወረቀት ስማው ሞተች። ለዚያች ለባዕድ አሮጊት እንኳ ሩዝ ሰጠሃት፤ ለኛዋ ወረቀት።

ወረቀቱን ለማንም አላሳየሁም። ባሳየው ሁለት ኩንታል የሚለውን ነው የሚያነቡት። ያም ባይሆን የእናቴ ልጅ ነህ፤ ስምህን ደጀ ሰላም ላይ እንዴት አነብበዋለሁ? ይኸውልህ፣ የነገረኛዋ ነገር እዚህ ላይ አለቀ።

ጭምብሉን መልሼልሃለሁ። በአምና ገብስ ገለባ ጠቅልዬ፣ በዚያው ሣጥን አድርጌ ደሴ ለሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። ለቤተ መዘክርህ አታስመዝግበው። እዚያው ደሴት ወስደህ ለባለቤቷ ስጣት። ሥሩ የሚወጣበት ወር ሳይደርስ ድረስላት። ሩዙን መልሺ እንዳትላት። የራበው ሰው እሺ ቢል እሺ አለ አይባልም። የቀሩትን ሃያ ሦስት ደግሞ አንድ በአንድ አስብባቸው፤ በስንቱ ቤት ዝናብ እስኪቀር እንደጠበቅክ አንተ ታውቃለህ። ሴትዮዋ ካዘነችብህ የሸዋረግ ሰላምታ በልልኝ። ሣሩን ቀጥሎ የሠራበትን ግንባር አይቼ የባሏን እጅ እንዳደነቅኩ ንገርልኝ።

መስቀሉን ይዘህ ና። የፈለከውን አድርግ፣ ለምን፣ ተዋስ፣ ሌላ ግዛና ቀይር፣ መስታወቱን ስበር፣ እሱ የኔ ጉዳይ አይደለም። በአፍህ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመህ፣ «እናቴ አልሸጠችም» ትላለህ። ብዙዬ በተቀመጠችበት ትላለህ። ሌላ ምንም አልፈልግብህም።

የዘንድሮው ገብሴ ያምራል። በስሜ በተሰጠኝ መሬት ላይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ነዶው እጅ አይሞላም ነበር አምና፣ ዘንድሮ በሁለት እጅ አልታቀፍ ብሎኛል። ታኅሣሥ ላይ ይወቃል። መሪጌታ የእጅ መስቀላቸውን ሊያውሱኝ ነበር፤ አይ፣ ተዉት አልኳቸው። ቁልሉ ባዶ ራሱን ይቁም፤ ሰዉም እኔም እንየው። እምዬ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ከግራሩ ሥር ናት። ድንጋይ አስቀምጬላታለሁ።

ምርቃት እንዳልመርቅህ ምዬ ነበር ስነሣ። እግርህን እንቅፋት አይምታው። በባሕር ስትሄድ ማዕበል አይይህ። ኤዲያ፣ አፌ ለምዶብኝ ነው፤ ይኸው ሁለት ዓመት በእናትህ ስም ስመርቅህ ኖሬ።

ና ብዬ አልለምንህም። የምትመጣ ከሆነ ግን ሰኔ ሳይገባ ና። ሰኔ ከገባ እኔም እሺ እልህ ይሆናል።

አዝላ ያሳደገችህ፣ ነገረኛዋ እህትህ
ሸዋረግ